ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ አፋር አሸዋ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ከተማ በስተደቡብ ዳር ይገኛል። አገሩ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በአንድ ወገን ፋብሪካ ይታያል። ከከተማው ጫፍ አለፍ ሲሉ ደግሞ የገበሬ ማሳ ይታያል። በመካከሉ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚወስደው ትልቁ መንገድ ያልፋል።

በዚህ መንገድ ላይ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ነገር ቢኖር ከባድ መኪና ነው። ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርዱ ብዙ መኪኖች በዚህ ያልፋሉ። ከወደብ ጭነው የሚመጡትም በዚህ ይገባሉ። የቃሊቲ ጉምሩክ እዚህ ነው። የጋራዡ መካኒክ፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ጭነት የሚያወርደው ወዛደር፣ ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጠው እናት፣ ሁሉም ኑሯቸው ከመኪናው ጋር የተያያዘ ነው።

አቃቂ የወንዝም ስም ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉ ሁለት ወንዞች አሉ። ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። ከዚያ አዋሽ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ከሚባለው ሐይቅ ይገባል። እዚያው ይቀራል። ከባድ መኪናውም የሚወርደው በዚያው አቅጣጫ ነው። ውሃው አይመለስም። መኪናው ግን ጭኖ መመለስ አለበት።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ችግር አለ። ዛሬ ስለ አንዱ እናነባለን። ይኸውም አሸዋ ነው። ከባድ መኪና አሸዋ ሲይዘው ምን ይደረጋል? ሰው ሳይጎዳ፣ ዕቃ ሳይጠፋ እንዴት ይወጣል?

ይህ ነገር እኛን ምን አገባን?

«እኔ ገበሬ ነኝ። መኪና የለኝም። በረሃም አልሄድም። ታዲያ የአሸዋ ነገር ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እዚያው ቤቱ ውስጥ አለ።

ወጡ ውስጥ የሚገባውን ጨው ይመልከት። አገራችን የምትበላው ጨው አብዛኛው ከአፋር ክልል ይመጣል። በተለይም ከአፍዴራ ሐይቅ ይመጣል። የሚያመጣውም ከባድ መኪና ነው።

ማሳው ላይ የሚበትነውን ማዳበሪያ ይመልከት። ማዳበሪያው በመርከብ ከውጭ አገር ይገባል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ብዙው የአገራችን ጭነት በአሰብ ወደብ ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ጭነት የሚገባው በጅቡቲ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል። በአቃቂ አቅራቢያም እንዶዴ ላይ ጣቢያ አለው። ሆኖም ባቡር ሐዲድ ከሌለበት አይደርስም። እስከ ወረዳው መጋዘን ድረስ የሚያደርሰው መኪና ነው።

አሁን ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ማዳበሪያ ጫነ እንበል። ተሳቢ ማለት ከኋላ የሚጎተተው ጋሪ ነው። አንድ ጆንያ 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ 400 ኩንታል ማለት 800 ጆንያ ነው። ለአንድ ገበሬ 2 ጆንያ ቢደርሰው፣ መኪናው የ400 ገበሬዎችን ማዳበሪያ ተሸክሟል ማለት ነው። ያ መኪና አሸዋ ውስጥ ሦስት ቀን ቢቀመጥ 400 ገበሬዎች ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። ዘር ደግሞ ወቅቱን አይጠብቅም። እንግዲህ ነገሩ እኛንም ያገባናል።

መንገዱ ወደ ቆላ ሲወርድ

መኪናው ከቃሊቲ ተነሣ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ያገኛል። ይህ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዳማ በኋላ መተሐራ ይመጣል። ከዚያ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያና ሠመራ ይመጣሉ። በመጨረሻም ጋላፊ ላይ ድንበሩ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

መንገዱ እየወረደ ይሄዳል። አቃቂ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አዋሽ ከተማ ሲደርሱ ከፍታው 1,000 ሜትር ያህል ነው። ሠመራ ሲደርሱ ከ500 ሜትር ያንሳል። በአፋር ክልል በስተሰሜን ያለው ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በ1950ዎቹ ዓመታት ዳሎል ላይ ሙቀት ተለክቶ ነበር። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆነ። አማካይ ማለት ሌሊቱም፣ ብርዱም፣ ሐሩሩም ተደምሮ ሲካፈል ነው። ቀን በቀን ሙቀቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

«አስፋልት እያለ መኪና እንዴት አሸዋ ውስጥ ይገባል?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ብዙ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ንፋስ አሸዋ አምጥቶ አስፋልቱን ያለብሰዋል። አንዳንድ ጊዜ ከወሎ ደጋ የሚወርድ የክረምት ጎርፍ አሸዋና ጠጠር መንገድ ላይ ደፍቶ ይሄዳል። መንገድ ሲጠገን መኪናው በጎን በኩል ባለ ጊዜያዊ መንገድ እንዲያልፍ ይታዘዛል። ሾፌር ለሌላ መኪና መንገድ ልልቀቅ ብሎ ዳር ሲይዝ ጎማው ከአስፋልቱ ይወርዳል። ጨው የሚጭን፣ ውሃ የሚያድል፣ የጉድጓድ መቆፈሪያ የተሸከመ፣ የዕርዳታ እህል ለአርብቶ አደሩ የሚያደርስ መኪና ደግሞ ከአስፋልት መውጣቱ የግድ ነው።

የግመል እግርና የአህያ እግር

አሸዋ ከዋልካ የተለየ ነው። የዋልካ ጭቃ እርስ በርሱ ይያያዛል። ደረቅ አሸዋ ግን ፍሬ ፍሬው ለየብቻው ነው። ሲረግጡት ወደ ጎን ይሸሻል። ሲቆፍሩት ተመልሶ ይሞላል።

ግመልና አህያ አሸዋ ላይ ሲሄዱ ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። ግመል ከአህያ እጅግ ይከብዳል። አሸዋ ውስጥ ይበልጥ የምትሰምጠው ግን አህያዋ ናት። ለምን? የአህያ ኮቴ ጠባብና ጠንካራ ነው። ክብደቷ ሁሉ በትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል። የግመል እግር ደግሞ ሰፊና ለስላሳ ነው። ሲረግጥ ይዘረጋል። ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል።

የመኪና ጎማም እንዲሁ ነው። ጎማው በንፋስ ጢም ብሎ ሲሞላ እንደ አህያ ኮቴ ይሆናል። ብዙ ኩንታል ተሸክሞ መሬት የሚነካው ጥቂት መዳፎች ጎን ለጎን ቢዘረጉ በሚሸፍኑት ቦታ ብቻ ነው። ይህ ለአስፋልት ጥሩ ነው። ለአሸዋ ግን መጥፎ ነው። ከጎማው ንፋስ ሲቀነስ ጎማው ይለሰልሳል። ተኝቶ ይዘረጋል። እንደ ግመል እግር ይሆናል።

ይህን ዘዴ በበረሃ ብዙ የሠራበት ራልፍ ባግኖልድ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ከጓደኞቹ ጋር በግብፅና በሊቢያ በረሃ በፎርድ መኪና ተጓዘ። በዚያን ጊዜ መኪና የአሸዋ ተራራ ይሻገራል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። እነሱ ግን የጎማውን ንፋስ እየቀነሱ ተሻገሩ። መኪናው ሲሰምጥም ረጃጅም የብረት ሰሌዳ ከጎማው ፊት ያነጥፉ ነበር። ባግኖልድ በኋላ አሸዋ በንፋስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አጥንቶ በ1941 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። የእሱ መኪኖች ትንንሽ ነበሩ። የአሸዋው ጠባይ ግን ያው ነው። ዛሬም በአፋር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ማቆም

መኪናው አሸዋ ውስጥ ገባ እንበል። ሞተሩ ይጮኻል። ጎማው ይዞራል። መኪናው ግን ወደ ፊት አይሄድም። ወጣቱ ረዳት ከጎን ሆኖ ይጣራል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይርገጡላት፤ ትወጣለች!»

በሥራው የቆየ ሾፌር ግን ነዳጁን አይረግጥም። ሞተሩን ያበርዳል።

«ተው አንተ ልጅ። ይልቅ አካፋውን አምጣ።»

ትክክሉ ይህ ነው። ቆሞ የሚዞር ጎማ መኪናውን አያወጣም። ጉድጓድ ይቆፍራል። አንድ ስንዝር ሰምጦ የነበረው ጎማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክንድ ሙሉ ይሰምጣል። ከዚያ መኪናው በሆዱ ይተኛል። ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት አሸዋው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የአንድ ሰዓት ሥራ የነበረው የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው። ሁለተኛው ወርዶ ማየት ነው። የትኛው ጎማ ሰመጠ? ጠንካራ መሬት በየት በኩል ነው? በፊት ነው በኋላ? ስንት ሰው አለን? ስንት ጀሪካን ውሃ አለን? ፀሐዩ ስንት ሰዓት ይቀረዋል? ይህ ሁሉ ሳይታይ ሥራ አይጀመርም።

እኩለ ቀን ከሆነና ሙቀቱ ከበረታ ጥላ ይዞ መጠበቅ ይሻላል። ቁፋሮ ወደ ማታ ወይም ማለዳ ይሠራል። ማለዳ አየሩ ይቀዘቅዛል። አሸዋውም ጠንከር ይላል።

የማውጣቱ ሥራ በተራ

አንደኛ፣ ክብደት ይቀነሳል። ተሳቢው ከመኪናው ይፈታል። ካልበቃ ከጭነቱ ይወርዳል። 800 ጆንያ ማውረድና መልሶ መጫን ቀላል አይደለም። ግን ሁሉንም ማውረድ ላያስፈልግ ይችላል። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለውን ብቻ ማውረድ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፣ ይቆፈራል። ከሁሉም ጎማ ፊት ይቆፈራል። ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው አሸዋም ይወጣል። ጉድጓዱ ረጅምና ቀስ ብሎ ከፍ የሚል መሆን አለበት። ጥልቅና ቀጥ ያለ ከሆነ ጎማው ግድግዳ ይገጥመዋል። የተቆፈረው አሸዋ ራቅ ብሎ ይጣላል። አለዚያ ተመልሶ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ንፋስ ይቀነሳል። የከባድ መኪና ጎማ በአስፋልት ላይ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ባር ይሞላል። ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው። አሸዋ ላይ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ይደረጋል። ልኩ እንደ ጎማው ዓይነትና እንደ ጭነቱ ይለያያል። ስለዚህ በዓይን ግምት አይሠራም። በንፋስ መለኪያ ይሠራል። ከመጠን በላይ ከቀነሰ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት ብረት ነው።

አራተኛ፣ ይነጠፋል። ከጎማው ፊት ጣውላ፣ ላሜራ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል። ጎማውን ለማንሣት ክሪክ ሲያስፈልግ ክሪኩ ራሱ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይደረጋል።

አምስተኛ፣ መኪናው ይነዳል። መሪው ቀጥ ይላል። ጎማው ዞሮ ከቆመ እንደ እርፍ አሸዋውን ያርሳልና። ማርሹ ከባዱ ማርሽ ይሆናል። ነዳጁ በቀስታ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚቀለው ወደ ኋላ መውጣት ነው። ጎማው ሲመጣ የረገጠው አሸዋ ጠጠር ብሏልና። መኪናው አንዴ ከተንቀሳቀሰ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ አይቆምም። ረዳቱ ጣውላውን ለማንሣት ይመለሳል እንጂ፣ መኪናው ለረዳቱ ብሎ አይቆምም።

ስድስተኛ፣ ንፋስ ይሞላል። ይህ የሚረሳ ሥራ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት ቢሄድ ይግላል። ከዚያም ይፈነዳል። መኪናው ይገለበጣል። ደግነቱ የብዙ ከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ ንፋስ ነው። ከዚያው ቧንቧ በመቀጠል ጎማውን መሙላት ይቻላል።

እንግዲህ የሚያስፈልገውን ዕቃ ልብ በሉ። ሁለት አካፋ፣ አራት ጣውላ፣ ክሪክ፣ የንፋስ መለኪያ፣ የንፋስ ቧንቧ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ውሃ። ሁሉም አቃቂ ቃሊቲ ላይ በቀላሉ ይገኛል። በረሃው መካከል ግን አይገኝም። ስለዚህ አሸዋ የያዘውን መኪና የማውጣት ሥራ የሚጀመረው በረሃ ላይ አይደለም። ከመነሣት በፊት ቃሊቲ ላይ ነው።

ሌላ መኪና ሲጎትት

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ አይበቃም። ሌላ መኪና ይጎትት ይባላል። ይህ ጥሩ ነው። ግን ሰው የሚሞትበት ሥራም ይህ ነው።

የብረት ገመድ ሲወጠር ኃይል ይዞ ይቆያል። ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይመጣል። እግር ይቆርጣል። ሰው ይገድላል። ስለዚህ የሚከተለውን አትርሱ።

ጎታቹ መኪና የሚቆመው ጠንካራ መሬት ላይ ነው። አሸዋ ላይ ከቆመ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። ገመዱ ረጅም ይሁን። የሚታሰረው ከሻንሲው ላይ ለመጎተቻ ከተሠራው ቦታ ነው። ሻንሲ የመኪናው አጥንት ነው። የፊት መከላከያ ላይ የታሰረ ገመድ ብረቱን ነቅሎ ይዞ ይበራል። ገመዱ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ወይም ሸራ ጣል ይደረግበት። ቢበጠስ ኃይሉን ያበርደዋል። ገመዱ ሲወጠር ማንም ሰው አጠገቡ አይቁም። በላዩም አይሻገር። ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። ጎታቹ በቀስታ ይጀምር። ተንደርድሮ አይጎትት። ምልክት የሚሰጥ ሰው አንድ ብቻ ይሁን። ሁሉም የሚጮኽ ከሆነ ሾፌሩ የማንን ይስማ?

ከመጎተቱም በፊት ይቆፈር። ሳይቆፈር የሚጎተት መኪና ከአሸዋው ጋር ይታገላል። ተቆፍሮ የሚጎተት መኪና ግን በቀላል ይወጣል።

ሌላም አለ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። አሸዋ ይንሸራተታል። ክሪክ ይወድቃል። ጎማው በሚዞርበት ጊዜ ከኋላው ማንም አይቁም። ጎማው ጣውላውን ወርውሮ ሰው ሊመታ ይችላል።

ውሃና ጥላ

መኪና አንድ ቀን ዘግይቶ ቢወጣ መኪና ነው። ሰው ግን ያለ ውሃ አይቆይም። በዚያ ሙቀት አካፋ ይዞ የሚሠራ ሰው በቀን ከ5 ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል። ሾፌርና ረዳት ለሁለት ቀን ቢቀሩ ከ20 ሊትር በላይ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ትልቅ ጀሪካን እንኳ አይበቃም ማለት ነው። ሁለት ይያዝ።

መኪናን ትቶ በእግር መሄድ አደገኛ ነው። መኪና ከሩቅ ይታያል። ጥላም አለው። ብቻውን በረሃ ውስጥ የሚሄድ ሰው ግን አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚሻለው እመኪናው ዘንድ መቆየት ነው።

ሙቀት የመታው ሰው ራሱን ያመዋል። ያዞረዋል። ያስመልሰዋል። ሲብስ ይቀባዥራል። ቶሎ ወደ ጥላ ይወሰድ። ልብሱ ይላላ። ሰውነቱ በውሃ ይራስ። ይራገብለት። ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ውሃ ይጠጣ። የሚቀባዥር ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

የጋለ የራዲያተር ክዳን አይከፈት። የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ አይታደር። ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ደጋው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ጎርፉ ሌሊት ይደርሳል። መኪናው የያዘው ወንዝ ውስጥ ከሆነ፣ መሽቶ ሥራው ካላለቀ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ይደር። መኪናው ይቅር፤ ነፍስ ትትረፍ።

የአገሩ ሰው

በረሃው ባዶ ይመስላል። ባዶ ግን አይደለም። የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን፣ ፍየሉንና ከብቱን ይዞ የሚኖርበት አገር ነው። አፋሮች ዳጉ የሚባል ባህል አላቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ። የት ዘነበ? ሣር የት አለ? ማን አለፈ? ምን ታየ? ያየውንና የሰማውን አንዱ ለሌላው ይነግራል። የሰማውም ለቀጣዩ ያደርሳል። ስለዚህ አሸዋ ውስጥ የቆመ መኪና ወሬው ሩቅ ቦታ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሾፌሩ የአገሩን ሰው ቢጠይቅ ይጠቀማል። የቱ መሬት ጠንካራ እንደሆነ፣ የቱ ላዩ ደርቆ ውስጡ ረግረግ እንደሆነ እረኛው ያውቃል። በተለይ በጨው ሜዳ ላይ ይህ እውቀት ትልቅ ነገር ነው። ላዩ ነጭና ደረቅ ሆኖ ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ሥርዓት አለው። ሰላምታ ይቀድማል። ለቆፈረና ለተሸከመ ሰው የድካሙ ይከፈላል። ለጎማ ማንጠፊያ ተብሎ የግራር ቅርንጫፍ ሳይጠየቅ አይቆረጥም። ያ ቅርንጫፍ የፍየልና የግመል ምግብ ነው። ከአንዱ ምግብ ወስዶ የሌላውን መኪና ማውጣት ትክክል አይደለም።

ዋልካም ላይ ይሠራል

በሐምሌና በነሐሴ የአቃቂ ዋልካ ራሱ መኪና ይይዛል። የእናንተም ቀበሌ መንገድ እንዲሁ ይሆን ይሆናል። ማዳበሪያ ይዞ የመጣ መኪና ከመጋዘኑ በቅርብ ርቀት ላይ ጭቃ ይይዘዋል። ሰው ይሰበሰባል። ሁሉም «ንዳ! ንዳ!» ይላል። ሾፌሩም ይነዳል። መኪናው በሆዱ ይተኛል። በሬ ተጠምዶ፣ ገመድ ታስሮ፣ ቀኑ ይመሻል።

ያን ጊዜ ያነበባችሁትን አስታውሱ። መጀመሪያ «አቁም!» በሉት። ልጆችን ከገመዱ አርቁ። ጥቂት ጆንያ አውርዱ። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ቁፈሩ። ድንጋይና እንጨት አንጥፉ። ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ምረጡ። ከዚያ በቀስታ ይነዳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደተባለው፣ ሥራው ለሁሉም ሲከፋፈል ቀላል ይሆናል። ሃምሳው ሰው ሁሉም አዛዥ ከሆነ ግን ሎሚው ይፈሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ግመል ከአህያ ይከብዳል። ታዲያ አሸዋ ውስጥ ከአህያ ያነሰ የሚሰምጠው ለምንድን ነው?

2. መኪና አሸዋ ሲይዘው ነዳጅ መርገጥ ምን ጉዳት ያመጣል?

3. አንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ውሃ ቢፈልግ፣ ሦስት ሰዎች ለሁለት ቀን ስንት ሊትር ያስፈልጋቸዋል?

4. ገመድ በሚወጠርበት ጊዜ ሰው የት መቆም አለበት? ለምን?

5. በቀበሌያችሁ በክረምት መኪና የሚይዘው የትኛው ቦታ ነው? ክረምቱ ሳይገባ ድንጋይ ለማንጠፍ ስንት ሰውና ስንት ቀን ይበቃል? ተወያይታችሁ ጻፉት።